ግድ የለም፣ ሌላ አለ

ወንድሜ የሚሠራው ጨዋታ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም ብዙ ዘመን ስቄበታለሁ። የሰው ልጅ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ቢጠፋ ቢጠፋ ሹፌር ይሆናል፤ የእኛ ቤት ወንድ ልጅ ግን ጢም አብቅሎ፣ ፀጉሩ ከፊት ሳስቶ፣ ጨዋታ ይሠራል። በስልክና በኮምፒውተር የሚጫወቱትን ማለቴ ነው። ታላቅ እህቱ ስለሆንኩ የማሾፍ መብት አለኝ። ሌላ ሰው ሲያሾፍበት ብሰማ ግን በያዝኩት መቀስ ነው የምመልስለት።

ቤተሰቡ ሁሉ ቁልፌ ነው የሚለው። ገና ዳዴ ሲል ከአባታችን የስፌት መኪና ሥር የወደቀ የኮት ቁልፍ ለቅሞ ዋጠ። እናታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ እስኪወጣ ድረስ በየሄደበት እየተከተለች ጠበቀችው። ቁልፉ ወጣ፣ ስሙ ቀረ።

አባታችን ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ መንገድ ዳር ናት፤ አንድ ሰፊ መስኮት፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከኋላ ደግሞ ሰው አሰፍቶ ያልወሰደው ኮት ሁሉ የተሰቀለባት ጠባብ ክፍል። ሁለተኛው መኪና የእኔ ነው። አባዬ ወሬ ይወድ ነበር። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው የልጁን ጋብቻና የጎረቤቱን ተንኮል ዘርዝሮ፣ ምክሩን ተቀብሎ ነበር የሚወጣው። "ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል" ማለት ያዘወትራል። ሌላው ሰው ተረቱን ለሁለተኛው ግማሽ ሲል ይጠቅሰዋል፤ እሱ በመጀመሪያው ግማሽ እንጀራውን ይበላ ነበር።

ድምፁ ጎርነን ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነበር። እኔ ስፌት ስማር መርፌ መስበር ሥራዬ ነበር። ጨርቁን እጎትታለሁ፣ ቀጭ ይላል። አባዬ ቀና እንኳን ሳይል፣ "መርፌው ተሰበረ። ግድ የለም፣ ሌላ አለ" ይለኛል። አንድም ቀን ተቆጥቶ አያውቅም። ያቺን ንግግሩን ያዙልኝ፤ የወንድሜ መከራ ሁሉ ከእሷ ጋር የተያያዘ ነው።

ቁልፌ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከጎማ ጠጋኝ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ተከራየ። አንደኛዋ ሰዓሊዋ ናት፤ ሥዕሉን ሁሉ የምትሠራው እሷ ነች። ሌላው ረጅሙ ነው፤ ማሽኑ የሚገባውን ቋንቋ ይጽፋል፣ በበሩ ሲገባ ደግሞ ሁልጊዜ ግንባሩን ይመታል። ከታች የጎማ መንፊያው ሲነሳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሦስቱም እጃቸውን ከጠረጴዛ አንሥተው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ።

የሚሠሩት ጨዋታ ስለ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነው። ሰዎች የተቀደደ ልብስ ይዘው ይመጣሉ። ተጫዋቹ መርፌውን በጣቱ እየመራ ይሰፋል፤ ቀዳዳው ሲደፈን የልብሱ ባለቤት እንዴት እንደተቀደደ ያወራለታል። የሚገደል የለም፣ የሚያሯሩጥ ሰዓት የለም። ክሩን ካጠበቁት መርፌው ይሰበራል፤ ሽማግሌው ያጽናናል፤ ሌላ መርፌ ይነሳል።

"ታዲያ ምኑ ላይ ነው የሚሸነፉት?" አልኩት።

"አይሸነፉም፣ እታለም። ይሰፋሉ።"

"እኔ ለካ ዕድሜ ልኬን ስጫወት ነው የኖርኩት!"

ሳቀ። ያኔ ይስቅ ነበር።

በእነሱ ሙያ አንድ ልማድ አለ። ያልደረሰ ነገር ሲኖር ቦታውን ባዶ አይተዉትም፤ "ለጊዜው" ብለው ያገኙትን ይሰኩበታል። ዛፉ ገና ካልተሣለ አንድ ሣጥን ያቆሙና ዛፍ ነው ይላሉ። በኋላ ይቀየራል። እኛም ልብስ ስንለካ በነጭ ክር እንወሰውሳለን። ልዩነቱ እኛ ውስወሳውን ሳንፈታ ልብስ አናስረክብም።

ለሽማግሌው ድምፅ ተዋናይ ለመቅጠር አቅም አልነበራቸውም። ቁልፌ መቅረጫውን ይዞ ሱቅ መጣና አባዬን ከኋላ ክፍል ኮቶቹ መሐል አቆመው፤ ልብስ የመንገዱን ጫጫታ ይውጣል አለ። የሚያነበው ወረቀት ሰጠው። አባዬ ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ "ይኼ ምን ዓይነት ልብስ ሰፊ ነው? እንዲህ የሚናገር ሰው ደንበኛ አያገኝም" ብሎ ወረቀቱን አንዱ ኮት ኪስ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ከራሱ ተናገረ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲያወራ ዋለ። የጨዋታው ደንበኞች፣ ወዛደሩ፣ ሙሽራይቱ፣ አዲስ ዩኒፎርም የተቀደደባት ተማሪ፣ ለሁሉም የሚሆን ነገር ነበረው። መሐሉ ላይ ያቺን ነገር አላት፤ "መርፌው ተሰበረ" አለ፣ አየር ሳበ፣ "ግድ የለም፣ ሌላ አለ" አለ።

"ለጊዜው ነው፣ አባዬ" አለው ቁልፌ።

"እኔስ ለጊዜው አይደለሁ?" አለ አባዬ፣ አቧራውን ከትከሻው እያራገፈ።

ከዚያ አሳታሚ ተገኘ። አሳታሚ ሲለኝ መጽሐፍ የሚያሳትም መስሎኝ ነበር። በእነሱም ሙያ አለ ለካ። ገንዘብ አስቀድሞ ይሰጣል፣ ጨዋታውን ለዓለም ያደርሳል፣ ትርፍ ሲመጣ ደግሞ ያወጣውን ሁሉ እስኪያነሳ ሌላው ቆሞ ያያል። ከእነሱ ጋር የሚነጋገረው ተወካይ በስክሪን የሚመጣ አንድ ጨዋ ሰው ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሹራብ ስለሚለብስ ባለሹራቡ እንለዋለን። በመጀመሪያው ርክክብ የላኩለትን ተጫውቶ ሲጨርስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር አሉ። "ይህን ድምፅ እንዳትቀይሩት፣ አደራ!" አላቸው። ቁልፌ እየሮጠ ሱቅ መጥቶ ነገረን፤ አባዬ ያን ቀን ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ተዋናይ መሆኑን ሲያውጅ ዋለ።

ውሉ ላይ፣ ያስረከባችሁት ሁሉ የአሳታሚው ይሆናል ይላል። የተደበቀ ነገር አልነበረውም፤ ቁልፌ አንብቦታል፣ ገብቶታል፣ ፈርሟል። ውል ሲፈርም የታየው ዛፉ፣ ወንበሩ፣ የሰዓሊዋ ሥዕል ነው። ለጊዜው የተሰካ አባቱ ትዝ አላለውም። ማን ትዝ ይለዋል? እኔም ብሆን አይታየኝም ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አባዬ ድምፁ ይሻክር ጀመር። ብርድ ነው አልን፣ የጨርቅ ብናኝ ነው አልን። ሐኪሙ ግን ጉሮሮውን አይቶ ወይ ድምፁ ወይ ነፍሱ አለን። ነፍሱን መረጥን። ከቀዶ ጥገናው ሲነቃ አንገቱ ላይ የሚተነፍስበት ትንሽ ቀዳዳ ተበጅቶለት ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ቀዳዳ የደፈነ ሰው! ከዚያ ወዲህ በልብስ ጠመኔ በጥቁር ገበር ቁራጭ ላይ እየጻፈ ነው የሚያወራን። መጀመሪያ የጻፈልኝ፣ "ስፌትሽ ጠማማ ነው" የሚል ነበር። እየሳቅኩ አለቀስኩ።

ቁልፌ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ እጁን ይዞ፣ "አባዬ፣ ድምፅህ አልጠፋም። እዚያ ውስጥ አለ። ሲደርስ እንዳለ ነው የማሰማህ" አለው። አባዬ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድሜ የሚሠራው ጨዋታ መሆኑ ቀረ። አባቱን ሙሉውን ወደ ሰው ጆሮ ማድረስ ብቻ ነበር የሚፈልገው።

አሳታሚው ግን ሐሳቡን ቀየረ። ጨዋታውን ለሙከራ ለሰዎች ሰጥተው ቁጥሩን አዩት። ሰው ይጫወታል፣ ደስ ይለዋል፣ ስልኩን ዘግቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ይህ ለእኔ ጥሩ ነገር ይመስለኛል፤ ለእነሱ ግን በሽታ ነው። መጀመሪያ ሰዓት ይግባበት አሉ። ቁልፌ ተከራከረ፣ ተሸነፈ፣ አስገባ። ቀጥለው ደንበኞቹ እየተቆጡ ይውጡ አሉ። አስወጣቸው። ከዚያ ጨዋታው በነፃ ይሁን፣ መርፌው ግን ይሸጥ አሉ። ተጫዋቹ ባያጠፋም መርፌው በየጊዜው እንዲሰበር ተደረገ። ቁልፌ በእያንዳንዱ ጊዜ፣ ይቺን ልስጣቸውና ያቺን አድናለሁ ይል ነበር።

ሰዓሊዋ አንድ ቀን እርሳሶቿን ሰብስባ ተነሳች። "አንተ እጅጌውን እየሰጠህ ኮቱን የምታድን ይመስልሃል" አለችው። "እኔ ግን የሣልኳት ሙሽራ በሰው ላይ ስትጮህ ማየት አልችልም።" በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች። ብታላትመው ይሻል ነበር።

አንድ ቀን ምሳውን ይዤለት ወጣሁ። ከባለሹራቡ ጋር በስክሪን እያወራ ነበር፤ እንዳልታይ ግድግዳው ጋ ተቀመጥኩ። ረጅሙም አንገቱን ደፍቶ አጠገቡ አለ፤ ሚስቱ ያን ሰሞን ወልዳለች።

"መርፌው ሲሰበር ሽማግሌው የሚላት ነገር አለች" አለ ባለሹራቡ። "እዚያ ጋ ትንሽ ችግር ገጥሞናል።"

"ምን ችግር?"

"ታጽናናለች። የተጽናና ሰው ደግሞ አይከፍልም። ተረጋግቶ ስልኩን ያስቀምጣል።"

ቁልፌ ውኃ አነሳ፣ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠ። "እሺ፣ ትውጣ" አለ። "ሙሉዋን እናውጣት።"

"አይ አይ አይ! ድምፁ እኮ ወርቅ ነው! ለሁለት እንቁረጣት። 'መርፌው ተሰበረ' ሲል እዚያ ላይ ያቁም። ሲከፍሉ ቀሪውን ይሰማሉ።"

"እሱ እኮ አባቴ ነው" አለ ቁልፌ። "ነግሬህ ነበር። አሁን ድምፅ የለውም። ሌላ ድምፅ የለውም።"

"አውቃለሁ ወንድሜ፣ ከልቤ ነው ያዘንኩት። ለዚህ እኮ ነው በከንቱ አናባክነው የምልህ።"

አፌን መያዝ አልቻልኩም። ተነስቼ ስክሪኑ ፊት ተደቀንኩ። "ስማ አንተ!" አልኩት። "የሰው አባት ነው ቆራርጠህ የምትቸረችረው? ዓይንህን በጨው ታጥበህ ነው ከቤትህ የምትወጣው?"

"ሰላም ነው እህቴ?" አለኝ ፈገግ ብሎ። "ደህና ነሽ?"

ሰድቤው ደህንነቴን የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። መልሱን ደግሞ በዚያው ለስላሳ አንደበቱ ነገራቸው። ጨዋታው የአሳታሚው ነው፤ እነሱ ካልተመቻቸው ሌላ ቡድን ይጨርሰዋል። ርክክቡ ካልጸደቀ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅም። ከዚያ ደህና ዋሉ ብሎ ጠፋ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ይኼኛው ግን አይጮኽም፣ ይልሳል።

 ቁልፌ ረጅሙን አየው፤ ረጅሙ ጫማውን አየ። የአራስ ቤት ወጪ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

"እምቢ በላቸው" አልኩት። "ይውሰዱትና ራሳቸው ይቁረጡት። የአንተ እጅ አይግባበት።"

"እነሱ ትንፋሹን አያውቁትም፣ እታለም" አለኝ። "መሐል ቃል ላይ ነው የሚቆርጡት። ከሚያቆስሉት እኔ ልቁረጠው።"

ከምሳ ሰዓቱ ጀምሮ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። የአባዬ ድምፅ ስክሪኑ ላይ እንደ ጥልፍ ወጣ ገባ ብሎ ተዘርግቷል። መሐሉ ላይ ጠበብ ያለች መስመር አለች፤ አባዬ አየር የሳበባት ናት። ቁልፌ ጣቱን እሷ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

"ትንፋሹን ከየትኛው ግማሽ ጋር ልተወው?" ብሎ ጠየቀኝ።

እኔ ምን አውቄ? እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሰው ይቀርባል? እሱው ወሰነ፤ ትንፋሹን ከመጀመሪያው ጋር ተወው። ስለዚህ ሽማግሌው "መርፌው ተሰበረ" ይልና ሊናገር አየር ይስባል። ከዚያ ምንም የለም፤ የመግዣው ምልክት ብቻ ብቅ ይላል።

ጨዋታው ወጣ። ተወደደ አሉ፤ በታክሲ ውስጥ፣ በባንክ ወረፋ፣ በሐኪም ቤት ኮሪደር ሰው መርፌ ይገዛል። ለቁልፌ ግን ከትርፉ የደረሰው ነገር የለም፤ አሳታሚው ገና ወጪዬን አላነሳሁም ይላል፣ ማስታወቂያው ወጪ ነው፣ ባለሹራቡም ወጪ ነው። ረጅሙ ሌላ ሥራ ያዘ። ከጎማ ጠጋኙ በላይ ያለችው ክፍል ለሌላ ተከራየች። ወንድሜ አዲስ ነገር ይጀምራል ብዬ ጠበቅሁ። ወረቀት ያወጣል፣ ያየዋል፣ ይመልሰዋል። "የምወደውን ነገር ማስገባት ፈራሁ፤ የማልወደውን ደግሞ ምን ብዬ ልሥራው?" አለኝ አንድ ቀን። ሱቅ እየመጣ ልብስ ይተኩስልን ጀመር። አንጀቴን በላው።

አባዬ በጠመኔ፣ "ጨዋታው ደረሰ?" ብሎ ይጠይቀዋል። ቁልፌ፣ "ገና ነው፣ አባዬ" ይላል። እኔም አብሬ ዋሸሁ። የአባዬ ስልክ ከመደወልና ከመቀበል ሌላ አያውቅም፤ ዓይኑም እንደ ድሮው አይደለም። ሆድ ይፍጀው ብለን ተውነው። ሰው ውሸቱን ራሱ ካላወጣው ሌላ የሚያወጣበት አይመስለውም።

ባለፈው ሳምንት አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ የከሰዓት በኋላ ፈረቃው ሳይጀምር እየተጣደፈ መጣ። ሌላ ሱሪ የለውም፤ ሒሳቡን አስቀድሞ ከፍሎ ልብስ ከሚለካበት መጋረጃ ጀርባ በውስጥ ሱሪው ተቀመጠ። አባዬ ሱሪውን መኪናው ላይ አስገባ። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፤ ቁልፌ መስኮቱ አጠገብ የአንድ ደንበኛ ሸሚዝ ይተኩሳል። ሹፌሩ ሰለቸውና ስልኩን አወጣ።

"መርፌው ተሰበረ" አለ የአባዬ ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ። አየር ሳበ።

የአባዬ እግር መርገጫው ላይ ቆመ። መኪናው ዝም አለ። አንገቱን ወደ መጋረጃው አዞረ፤ ከንፈሮቹ ቀሪውን ይዘው ተዘጋጁ። ጠበቀ። ቀሪው አልመጣም።

"መርፌው ተሰበረ" አለ ድምፁ እንደገና፣ አየር ሳበ፣ ጠፋ።

አባዬ ተነስቶ መጋረጃውን ገለጠ። ሹፌሩ ደንግጦ ጭኑን በጋዜጣ ሸፈነ። "ደረሰ እንዴ አባባ?" አለ። አባዬ ከኪሱ ጠመኔውን አውጥቶ በገበሩ ቁራጭ ላይ ጻፈና አሳየው፤ "ቀሪውስ?"

ሹፌሩ አነበበ። ስለ ሱሪው መሰለው፣ ከዚያ አባዬ ወደ ስልኩ ሲያመለክት ገባው። ሳቀ። "ቀሪውማ በገንዘብ ነው፣ አባባ! ሽማግሌው ገብጋባ ቢጤ ነው፣ በነፃ አያጽናናም። እኔ አልከፍልለትም፣ ሲፈልግ ይታፈን።"

ሰውየው ምን በወጣው፤ አያውቅም። እኔ መርፌው ጣቴ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል፣ ሕመሙ የተሰማኝ በኋላ ነው።

አባዬ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። መሳቢያውን ከፈተ፤ ሹፌሩ ለሱሪው የከፈለውን ገንዘብ እንዳለ አወጣና መልሶ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ወደ ስልኩ ጠቆመ። ሹፌሩ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየ። "ኧረ አባባ፣ ይኼ ለልጆች የሚሆን ነገር ነው…" አለ። አባዬ እጁን አላወረደም። ሹፌሩ ትከሻውን ነቅንቆ ምልክቱን ተጫነ።

"ግድ የለም፣ ሌላ አለ" አለ ያ ድምፅ፣ ሳይቸኩል።

አባዬ በከንፈሩ አብሮ አለው፣ ቃል በቃል። አንገቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ብቻ ፉጨት የመሰለ ነገር አሰማ። አባቴ የራሱን ድምፅ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ሰማ። ይህን ያየ ዓይኔ ቢጠፋ ምናለበት አልኩ።

የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተን። ካውያው ሸሚዙ ጀርባ ላይ ቆሟል፣ ቁልፌ እጁን ከላዩ አላነሳም። ዘልዬ አነሳሁት። ቅርጹ ቡናማ ሆኖ ታትሟል።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ" አለ ቁልፌ። ድምፁ ተቆራረጠ። "ሌላ ሰው አይደለም የቆረጠው። በዚህ እጄ ነው የቆረጥኩት። ደርሶ ነበር፣ ዋሸሁህ።"

ሹፌሩ ነገሩ ምን እንደሆነ ባይገባውም ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ሊከተው ሲል ኪስ እንደሌለው ትዝ አለውና በእጁ ያዘው። አባዬ የተቃጠለውን ሸሚዝ አንሥቶ ወደ ብርሃኑ ያዘው። በጣቱ ዳሰሰው፤ የማይደፈን መሆኑን ለማወቅ ብዙ አላየውም። አጥፎ ጠረጴዛው ዳር አስቀመጠው። ከዚያ የገበሩን ቁራጭ በእጅጌው ጠርጎ ጠመኔውን አነሳና ቀስ ብሎ ጻፈ፤

"ግድ የለም።"

ቁልፌ አነበበው። ዓይኑን ከጠመኔው አላነሳም፣ ቀሪውን ጠበቀ። እኔም ጠበቅሁ። አባዬ ጠመኔውን ጨርቁ ላይ እንደያዘ ትንሽ ቆየ። ከዚያ መሳቢያው ውስጥ ጣለውና ተመልሶ የሹፌሩን ሱሪ መስፋት ቀጠለ።